አንድ ተራ፣ አንድ ዘፈን

ባለፈው ሰሞን መበየጃዬን ከስንት ጊዜ በኋላ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጫፉ ሲግል ያች የማውቃት ሽታ፣ የቀለጠ እርሳስና የጋለ አቧራ የተቀላቀለባት ሽታ፣ ሳሎኑን ሞላችው። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ምን እንደተቃጠለ ጠየቀችኝ። የድሮ ሱቄ ነው አልኳት። ይህን ዓይነት መልሴን ስለለመደችው መስኮቱን ከፍታልኝ ተመለሰች። እኔ ግን በዚያች ሽታ ተሳፍሬ ወደ ኋላ ነጎድኩ፤ ታክሲ በሳንቲም ወደሚኬድበት፣ ቦንቦሊኖ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዘይቱ ጣት ላይ ወደሚቀርበት ዘመን፣ ነፋስ ስልክ ቁልቁለቱ ላይ አንድ በርና ግማሽ መስኮት ወደነበራት ሱቄ። መበየጃውን ያነሳሁት ግን ለትዝታ አልነበረም። የወንድሜ ልጅ ናሆም ሚስት ማግኘት አለማግኘቱ በዚያ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እንዴት ሊሆን ቻለ ለምትሉኝ፣ ከሥሩ ልጀምር፤ እኔ ከመሀል የጀመርኩት ሥራ ኖሮ አያውቅም።

ሱቋ ዛሬ የለችም። መንገዱ ሲሰፋ ሄዳለች፤ በቦታዋ የብስክሌት መሄጃ ተሠርቶ ዳርና ዳሩ አበባ ተተክሎበታል። ያምራል፤ አልዋሽም። ቢሆንም በዚያ በኩል ሳልፍ ደፏ የነበረችበትን ቦታ እግሬ ራሱ ያውቃታል፤ ከፍ አድርጌ እራመዳለሁ። በሯ ላይ የሬዲዮ፣ የቴፕና የልዩ ልዩ ዕቃዎች ጥገና የሚል ሰሌዳ ነበረ፤ ጽሕፈቱም ቀለም ቅቡም የእኔ ነው። የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር» ይለኝ ነበር። ይህን ስም ትምህርት ቤት አልሰጠኝም፤ አስተማሪዬ የሞተ ሬዲዮ ነው። ፈትቼ ገጠምኩት፣ ዝም አለኝ። ደግሜ ፈታሁት፣ አሁንም ዝም። በሌላው ቀን ግን ተንፈቅፍቆ ዜና አነበበልኝ። ከዚያ ወዲህ ከሀና ማርያም እስከ ጎፋ ድረስ እኔ ያላስነሳሁት ሬዲዮ ካለ፣ ባለቤቱ ወደ እኔ ሳያመጣው የቀረ ነው።

ሱቄን ያስጠራችው፣ በእጅ ተይዛ የምትጫወት አንዲት የእጅ ጌም ነበረች፤ እሷም ወደ እኔ የመጣችው ሞታ ነው። ከአረብ አገር የተመለሰች ጎረቤታችን ከሻንጣዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ ግራጫ፣ እንደ ግማሽ ጡብ የምትከብድ፣ በግራ በኩል የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ፣ በቀኝ በኩል ሁለት ቀያይ ቁልፎች፣ መሀሏ ላይ የጎመን ውሃ የመሰለ አረንጓዴ ስክሪን። አልሠራ ብላኝ ልጥላት ነበር አለችኝ። ባለ ሁለት ባንድ ሬዲዮ ሰጥቼ ለወጥኳት። ሁለታችንም የተሳሳተው ሌላኛው ሰው መሆኑን አምነን ተሰነባበትን። የጌሟ ሕመም የባትሪ ድንጋዩ ፈሶ መክተቻውን ማዛጉ ብቻ ነበር። በኮምጣጤ ጠረግኩት፣ አዲስ ድንጋይ አጎረስኳት፣ ጥርት ያለ ትንሽ ደወል አሰምታ ዓይኗን ገለጠች። ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ የነበሩት ሰዎች የአዲስ ልጅ ልቅሶ የሰሙ ያህል ነው የተሳሳቁት።

ከእሷ ጋር ጥቂት ካሴቶች መጡ። ካሴት የምንላቸው ከክብሪት ሣጥን ሰፋ ያሉ ጠፍጣፋ ነገሮችን ነው፤ እያንዳንዱ በሆዱ አንድ ጌም ይዟል፣ ከጀርባዋ ይሰካል። ሌሎቹን ከመርካቶም፣ ከመንገደኛም፣ የልጃቸው መጫወቻ ከሰለቻቸው ሀብታሞች ቤትም እያነፈነፍኩ ሰበሰብኳቸው። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በተርታ አቆምኳቸው። መጻሕፍት ቤት ያላቸው ሰዎች መደርደሪያቸውን በኩራት እንደሚያሳዩ እኔም ቆርቆሮዬን ከፍቼ አሳይ ነበር። ላያቸው ላይ የተጻፈው ግን ማንም የማያነበው የሩቅ ምሥራቅ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን ተከራይቶ ለመጫወት በሬ ላይ የሚሰለፈው ሰው አወጣላቸው። መጀመሪያ የገፋበት ሰው ስም ያወጣል፣ እኔ በፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ። መኪኖች የሚሽቀዳደሙበት በዘመኑ ታክሲ ስም «ሎንቺና» ተባለ። ከላይ ያለማቋረጥ ነገር የሚዘንብበት «ሐምሌ» ተባለ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከክፍል ክፍል እያሳደደ መቀመጫ የሚያሳጣበት ነበር፤ እሱ «አከራዩ» ሆነ፤ ያንን ሲጫወቱ ሰዉ ከልቡ ይሸሽ ነበር። የሁሉም አለቃ ግን «ሰባት በር» ነው። አንድ ትንሽ ሰው በጫካና በዋሻ እየዞረ ሰባት በሮች ይከፍታል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ጽሑፍ ስለማይነበብ እያንዳንዱ በር የሚከፈተው በሙከራና በመሞት ነው። ሌሎቹ ጌሞች ሲጠፉ ሁሉን ይረሳሉ። «ሰባት በር» ግን በሆዱ ትንሽ ክብ ባትሪ ስላለችው የደረስክበትን ያስታውሳል፣ ስምህንም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈህ ያኖርልሃል። ጨርሶ የወጣ ሰው ደግሞ ስሙ አጠገብ ዘውድ ይሣልለታል ይባል ነበር። ይባል ነበር የምለው ማንም አይቶት ስለማያውቅ ነው።

አሁን ወደ ሕጌ ልምጣ፤ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራበት እሱ ነውና። በሌላ ቦታ ጌም በሰዓት ነው የሚከራየው፤ ሰዓት ደግሞ ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ያንተ ቀደመ የኔ ዘገየ ይባላል። እኔ ከኋላዬ ቴፕ አለኝ፤ ቴፑ ሲዘፍን ይውላል። አንድ ተራ አንድ ዘፈን ነው አልኩ። ዘፈኑ ሲጀምር ትጀምራለህ፣ ሲያልቅ ታስረክባለህ። ሰልፉ ራሱ ዘፈኑን እየተከተለ ስለሚያጨበጭብ ማንም ማንንም ማታለል አይችልም። ባጊ ሱሪ የለበሰው፣ ጃኬቱን ወገቡ ላይ ያሰረው፣ ሸራ ጫማውን በጠመኔ ያነጣው ወጣት ሁሉ እዚያች ደፍ ላይ እየተወዛወዘ ተራውን ይጠብቃል። ሱቄ ጭፈራ ቤትም ትምህርት ቤትም ፍርድ ቤትም ነበረች፤ ዳኛው እኔ ነኝ።

ጎፋ ደግሞ ጴጥሮስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ከደቡብ የመጣ፣ ጸሎተኛ፣ እጁ የተባረከ ሰፊ ነው ይሉታል። እሱም እንደ እኔዋ ያለች ጌም አግኝቶ ስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠና ሕጌን ገለበጠ። ልዩነቱ እሱ ዘፈን በቤቱ አያስገባም፤ ተራው የሚለካው በመዝሙር ነው። እዚህ ላይ ነው የጎዳኝ፤ መዝሙር ይረዝማላ። አዝማቹ ይደገማል፣ ይደገማል፣ አበቃ ሲባል ዘማሪው እንደገና ይነሣል። ከእሱ የመዝሙር ካሴቶች አንዱ ላይ ምሳ በልተህ ብትመለስ ያላለቀ መዝሙር አለ እያሉ ደንበኞቼ ያወሩ ጀመር። ሃይማኖታቸው ሌላ የሆኑ ጎረምሶች ሳይቀሩ ለረጅሙ መዝሙር ሲሉ ጎፋ ወረዱ። እኔና ጴጥሮስ ተያይተን አናውቅም፤ ስድባችንን ግን ደንበኞች እያመላለሱ ያደርሱልን ነበር። እሱ የእኔ ዘፈን ሦስት ሰካራሞች ተቃቅፈው እስኪወድቁ እንኳ አይቆይም፣ የሦስት ሰካራም ዕድሜ የለውም አለ፤ እኔ የእሱ ጌም ከመዝሙሩ ብዛት ልትጠመቅ ነው አልኩ።

በዚያ ዘመን ሎሚ የምትባል ልጅ ትመጣ ነበር። እውነተኛ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም፤ ሎሚ ያላት ሰልፉ ነው፣ በቢጫ ሹራቧ ምክንያት። ትምህርት ጨርሳ ውጤት የምትጠብቅ፣ የጂንስ ጉርድ የምትለብስ፣ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ዱቄቷን ደፌ ላይ አሳርፋ የምትሰለፍ ልጅ። አትናገርም። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ከኋላዋ ያለውን «ቅደም» ትለዋለች። ሰዉ ትሕትና መሰለው፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር። ለካ ቴፔን በቃሏ አጥንታዋለች። የቴፑ ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ አንድ ፍቅረኛውን አውቶቡስ ተራ የሚሸኝ ሰው የዘፈነው ዘፈን አለ፤ አውቶቡሱ አልሄድ ይላል፣ እሱ አልለያይ ይላል፣ መሀል ላይ ሳክስፎኑ ብቻውን የሌሎችን ሙሉ ዘፈን ያህል ያለቅሳል። ሎሚ ሰዉን እያስቀደመች ያ ዘፈን በእሷ ተራ ላይ እንዲወድቅ ታደርገው ነበር። ሲገባኝ ዝም አልኩ። ብልህ ሰው ሳይ ራሴን ያየሁ ያህል ደስ ይለኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሎሚ እንደ ልማዷ ያን ዘፈን ጠብቃ «ሰባት በር»ን ይዛ ተቀመጠች። ሳክስፎኑ ማልቀስ ከመጀመሩ መብራት ሄደ። ቴፑ አቃስቶ ቆመ። ጌሟ ግን በድንጋይ ነው የምትሠራው፤ ምን ገዷት፣ ቀጠለች። ተረኛው አንድ የታክሲ ረዳት ነበር፣ ድምፁ እንደ ጡሩምባ፤ እጁን ዘርግቶ አምጪ አላት። ሎሚ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ መለሰች።

«ዘፈኑ አላለቀም።»

ሰልፉ ተንጫጫ። ዘፈኑ ሞቷል የሚል ነበረ፣ ተኝቷል የሚል ነበረ። ረዳቱ ግን መላ አመጣ፤ ቴፑ ካልጨረሰው እኛ እንጨርሰዋለን አለ። ሰልፉን በሁለት ከፍሎ የቀረውን ግጥም አዘፈነው፤ ሳክስፎኑንም ራሱ ጉንጩን ነፍቶ በአፉ ተጫወተው፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል፣ ከዜማው አንድም አልሳተም። ዘፈኑን ጨርሰው አጨበጨቡና ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። እኔም መበየጃዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። በዚያን ጊዜ ፍርዴ ቢዛባ ታሪኩ ሁሉ ይቀየር ነበር።

«የዚህ ቤት ሕግ ቴፑ ነው» አልኩ። «ቴፑ ሲጨርስ ተራው ያልቃል።»

«መብራት ነገ ቢመጣስ?» አለ ረዳቱ።

«ነገ ታስረክባለች።»

እንግዲህ የጌሟ ስክሪን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ፀሐይ ይፈልጋል። ፀሐይዋ ዞር ስትል ሎሚ ከወንበሩ ወደ ደፉ ወጣች፣ ከደፉ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ አስፋልቱ ዳር። ሰልፉም አብሯት ተሰደደ። ከጥቂት በኋላ ተራውን የሚፈልግ አልነበረም፤ ሁሉም በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ በር ይቆጥራል። አንድ በር በተከፈተ ቁጥር ጩኸቱን ሰምቶ ሌላ ሰው ይመጣል፤ የቦንቦሊኖ ነጋዴዋ ሳህኗን እንደተሸከመች መጣች፣ ሎንቺናዎች ቆመው ምን ተፈጠረ አሉ። ሰባተኛው በር ሲከፈት ጌሟ ሰምተናት የማናውቃትን ሙዚቃ ተጫወተች። ሎሚ ስሟን ጻፈች፤ ሰልፉ ያወጣላትን ስም ነው የጻፈችው። አጠገቡም ዘውዱ መጣ። ዘውዱ ወሬ ብቻ ነው ያሉኝን ሁሉ ያን ዕለት አሸነፍኳቸው። መብራቱም እንደ ተቀጠረ ሰው በዚያው መጣ፤ ቴፑ ከእንቅልፉ እንደሚነሣ ሰው ጎርነን ብሎ ጀመረ፣ ሳክስፎኑ ካቆመበት ተነሣና እስከ መጨረሻው አለቀሰ። ሎሚ አስረከበችኝ።

«አሁን አለቀ» አለችኝ።

ዱቄቷን ረዳቱ ራሱ ተሸክሞ ቤቷ አደረሰላት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ ቤተሰቦቿ ሰፈር ለቀዋል አሉኝ። እኔ በሬ ላይ «ሰባት በር ያለቀበት ቤት» ብዬ ጻፍኩ፣ ስሟንም ከካሴቱ ላይ ማንም እንዳያጠፋ ከለከልኩ። ብዙ ሳይቆይ ጎፋም «ሰባት በር»ን ጨረስኩ ማለቱን ሰማሁ፤ ያውም በአዲስ አበባ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ይላል አሉ። ናቅኩት። የናቅኩት ነገር ግን ከስንት ዘመን በኋላ ዞሮ ሳሎን ውስጥ ጠበቀኝ።

ናሆም በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ ወንድሜና ሚስቱ ወደዚያ እምነት ከገቡ ቆይተዋል። እዚያው መዘምራን ውስጥ ቤቲ የምትባል ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ሲላክ ወንድሜ እኔን መረጠ፤ ምርጫውን አልነቅፍም። ከእኔ ጋር ጋሽ መኩሪያ አሉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሰው። የልጅቷ ቤት ጎፋ ነው፤ የአባትየውን ስም ለመጠየቅ አላሰብኩም። ስንገባ አባትየው ተቀመጡ አለን፤ የመጣንበትን ጉዳይ ሳታደምጡን አንቀመጥም ብለን እንደ ወጉ ቆምን። ጋሽ መኩሪያ በለሆሳስ ነገሩን አቀረቡ። ሰውዬው ፊቱ ብሩህ ነው፤ ልጁን ለመስጠት የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር። ደስ ብሎትም እሱ ራሱ ሚስቱን እንዴት እንዳገኘ ያጫውተን ጀመር። ድሮ እዚህ ጎፋ ልብስ እየሰፋሁ የእጅ ጌም አከራይ ነበር አለ። «ሰባት በር» የሚባል ጌም በአዲስ አበባ ማንም ጨርሶት አያውቅም ነበር፤ አንድ ቀን አንዲት ልጅ እኔ ቤት መጥታ ጨረሰችው፤ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላክሁ፤ ይኸው አሁን ጓዳ ውስጥ ናት፣ አለ። አፌን ልከፍት ተንደረደርኩ። ጋሽ መኩሪያ ክንዴን ቆነጠጡኝ። እኔ ግን ውሸት ቆሜ ማዳመጥ አልችልም።

«ይቅርታ፣ እዚያች ላይ አንድ ስህተት አለች» አልኩ። «መጀመሪያ የተጨረሰው ነፋስ ስልክ ነው። እኔ ቤት።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። እስካሁን እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰው፣ «አንተ ጌም ታደሰ ነህ?» አለኝ። አንተም መዝሙር ጴጥሮስ ነህ አልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላወራው ይሻላል፤ የሦስት ሰካራም ዕድሜም፣ ጥምቀቱም፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተነሣ፤ ጋሽ መኩሪያ በሁለታችን መሀል ቆመው ወንድሞች፣ ወንድሞች ይሉ ነበር። በመጨረሻ ጴጥሮስ እጁን አነሣና በሽማግሌ ፊት ቃል አለኝ አለ።

«እሑድ ማስረጃህን ይዘህ ና። ካለህ ልጄን እሰጣለሁ። ከሌለህ ጎፋ ቀድሟል ብለህ በሽማግሌ ፊት ትናገራለህ፣ የልጄንም ነገር ሌላ ጊዜ እናየዋለን።»

ሌላ ጊዜ እናየዋለን ማለት በሽምግልና ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ናሆም ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቀን ነበር፤ ሲሰማ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«ጋሼ፣ አንተ የሄድከው ለእኔ ሚስት ልትጠይቅ ነው ወይስ ለራስህ ዋንጫ ልታመጣ?»

«ሁለቱንም ነው» አልኩት። ጎፋ ቀድሟል በልና ይለቅ ብሎ ለመነኝ። ሦስት ዓመት ወድጃታለሁ አለኝ። ልቤ አልራራም አልልም። ግን እኔ ለልጁ ሠርግ ስል ሎሚን ላጠፋት አልችልም፤ ያች ልጅ ያን ዕለት አስፋልት ዳር ተቀምጣ ያደረገችውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እሑድ ታየዋለህ አልኩት።

ቤቴ ገብቼ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከቁምሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ክዳኑን ስከፍት «ሎንቺና»ም፣ «ሐምሌ»ም፣ «አከራዩ»ም ፕላስተራቸው ቢጫ ሆኖ ቆመው ነበር፤ እንደ ጡረተኛ ወታደር ሰልፍ። ጌሟን ድንጋይ አጎረስኳት፣ «ሰባት በር»ን ሰካሁ፤ ስሟ ከነዘውዱ አለ። እልል ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ወዲያው ቴስተሬን አመጣሁ። ከዓመታት በፊት የካሴቱን ባትሪ አንድ ጊዜ ቀይሬለት ነበር፤ ያን የቀየርኩትን ስለካው ከሚገባው በታች ወርዷል። ዛሬ ያስታወሰ ነገ ላያስታውስ ይችላል። እንዲህ ያለው ባትሪ ከተነቀለ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ካሴቱ የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የማይነካው። እኔ ግን መላውን ያኔውኑ ራሴ አግኝቼዋለሁ፤ አዲሱን ባትሪ ከአሮጌው ጎን በቀጭን ሽቦ ታገናኘዋለህ፣ ሁለቱ አብረው ሲመግቡት አሮጌውን ቀስ ብለህ ታነሣለህ። ካሴቱ ለአፍታም ሳይራብ ጡት ይቀይራል። የካሴቱን ብሎን የሚፈታ መሣሪያ የትም አይሸጥም ነበር፤ የእስክሪብቶ ቀፎ በእሳት አለስልሼ ብሎኑ ላይ በመጫን ራሴ ቅርጹን ያወጣሁለት መፍቻ ዛሬም አለኝ።

ችግሩ እጄ ነበር። መላው አላረጀም፤ እጄ ግን አርጅቷል፣ ቡና ሲኒ ሳነሣ ሲኒው ያወራል። ሽቦው አንዴ ካለ ቦታው ቢነካ ሎሚም ቤቲም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የሩዝ ከረጢት ቀድጄ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ሁለቱንም የእጄን አንጓዎች ሩዙ ውስጥ ቀበርኳቸው፤ ሩዙ ያዛቸው፣ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሽቦውን እንዲይዝ ናሆምን ጠራሁት። የሚያገባው እሱ ነው፣ ይያዝ። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ሲንጠባጠብ፣ እኔ መጀመሪያ አዲሱን አሰርኩ፣ ጫፉን አቀለጥኩ፣ አሮጌውን አነሣሁ፣ አዲሱን ቦታው ላይ አጣበቅኩ። ሽቦውን ልቀቅ አልኩት፣ አልለቅም አለ፤ ጣቱን እኔ ነኝ የፈለቀቅኩት። ካሴቱን ገጥመን ጌሟ ላይ ሰካነው። ደወሏን አሰማች። ሎሚ ነበረች፣ ከነዘውዷ። ናሆም ሩዙ ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ባለቤቴም ሩዙን መልሳችሁ ከረጢቱን ትሰፋላችሁ አለችን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎፋ ገባን። እንደ ወጉ ቆምን። ጴጥሮስ መነጽሩን አደረገ፣ ጌሟን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጣት፤ አያያዙን ሳይ እሱም እንደ እኔ የናፈቀ ሰው መሆኑ ገባኝ። ማንም ሳይነግረው ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበ፤ ስክሪኗ ፀሐይ እንደምትፈልግ አልረሳም። ደወሏ ጮኸች። ስሙን አነበበ፣ ዘውዱን አየ። ከዚያ ስክሪኑን ትንሽ አራቀ፣ ትንሽ አቀረበ።

«ሎሚ ማን ናት?» አለኝ።

አላውቅም አልኩ፤ ሰልፍ ያወጣላት ስም ነው፣ ቤተሰቦቿ ሰፈር ለቀው ሄዱ። እንግዲያው ስም ማንም ይጽፋል አለ፤ መቼ እንደተጻፈ በምን አውቃለሁ፣ ከእኔ በኋላ ቢሆንስ? ልክ ነበር። ያን ሁሉ ሳስብ ይህችን አላሰብኳትም። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሚጸልዩ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ከጓዳ በኩል የሴት ድምፅ መጣ።

«መብራት ሄዶ ነበር።»

ወይዘሮዋ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጠጉሯ ሸብቷል፣ ሰውነቷ ሞልቷል፤ ሹራቡ ግን፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ሹራቡ ዛሬም ቢጫ ነው። ረዳቱ ሳክስፎኑን በአፉ ሲጫወት አራተኛው በር ላይ በሳቅ ልሞት ነበር አለች፤ አየችኝና፣ ኢንጂነር፣ ዱቄቴን ያሳረፍኩበት ደፍ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ደፉን መንገዱ ወሰደው፣ እግሬ ግን ዛሬም ያውቀዋል አልኳት።

ጴጥሮስ ከወንበሩ ተነሣ። «ጽጌ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? እኔ ሰባተኛውን በር ስከፍት አንተ ከስፌት መኪናህ ዘለህ፣ በአዲስ አበባ የመጀመሪያዋ ብለህ ጮህክ። ደስ ብሎህ ነበር። ሁለተኛዬ ነው ብልህ ሽማግሌ ትልክ አልነበረም?»

«እልክ ነበር።»

«ታዲያ ምን ጎደለብህ?»

ጴጥሮስ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ አንዴ ከጨረስሽው ምን ፈልገሽ ጎፋ መጣሽ አላት፤ እሷም መዝሙሩ ይረዝም ነበር አለች፣ ፎጣውንም እያጣጠፈች፣ ሰፊውንም ለማየት ነው አለች። ሰውዬው ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀላ። ሚስቱን አይቶ፣ ጌሟን አይቶ፣ ወደ እኛ ዞረና ኮቱን ቆለፈ።

«ሽማግሌዎች» አለ፣ «ነፋስ ስልክ ቀድሟል። ልጄንም ሰጥቻለሁ።»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ መኩሪያ ምስጋናቸውን አቅርበው እግራቸው የዛለበትን ያህል ወንበሩ ላይ ወደቁ። ናሆም ከውጭ ተጠርቶ ገባ፤ ቤቲም አፍራ መጣች፤ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ እኔ ደረቴን ነፍቼ አየኋቸው። የሠርጉ ሥራ ግማሹ የእኔ ነው፤ የቀረው ግማሽ የእነሱ ይሁን። ጴጥሮስ ግን ጌሟን አልለቀቀም፤ አንዴ ብቻ ልሞክር አለ። ጽጌ ከእጁ ወሰደችበት፤ መጀመሪያ እኔ አለች። በምን ልክ ሲላት ሁሉም እኔን አዩኝ፤ ያ የድሮው ዳኝነት ሳይሻር ቆይቶ ነበር። አንድ ተራ አንድ ዘፈን አልኩ፤ ቤቱ የጴጥሮስ ነውና መዝሙር ይሁን አልኩ። ጴጥሮስ ስልኩ ላይ መዝሙር ከፈተ። ጽጌ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሽማግሌውም ሙሽራውም በትከሻዋ ላይ አንገታችንን አሰገግን። መዝሙሩ ሲያልቅ እንደ ያኔው ቀና አለች።

«አሁን አለቀ» አለችና ለባሏ ሳይሆን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «ተራው የኢንጂነር ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን ተራ ሳከፋፍል ለራሴ አንድ ተራ ወስጄ አላውቅም ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ፤ ጌሟን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኳት። ጴጥሮስ ስልኩን አንሥቶ መዝሙር መረጠልኝ። ረጅሙን ነው የመረጠልኝ።